ከአራስ ቤት በፊት፦ በእርግዝና ወራት ስላለው የአእምሮ ጤና ምን ታውቋል?

ለአራስ የሚደረገው እንክብካቤ አቅም በፈቀደ መጠን በየቤቱ አለ። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይፈላል፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። እናቷ በሕይወት ካለች ከሩቅም ቢሆን ትመጣለች፤ አለዚያም አራሷ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ብቻዋን አትተውም፣ ከባድ ሥራ አትነካም። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ይህችው ሴት ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሸከማለች፣ ከተሜ ከሆነች ታክሲ ትጋፋለች። ሆዷ እስኪገፋ ድረስ ደግሞ ማርገዟም ለሰው አይነገርም። የሰው ዓይን ይፈራል፣ ማስወረድ ይፈራል፣ ወሬ ይፈራል።

የሕክምናው ጥናትም ለረጅም ዘመን ከዚህ ልማድ ብዙም አልራቀም። በ1858 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው ሐኪም ሉዊ ቪክቶር ማርሴ ስለ ነፍሰ ጡሮች፣ ስለ አራሶችና ስለሚያጠቡ እናቶች የአእምሮ ሕመም አንድ ሰፊ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ግን ነፍሰ ጡሯን ትተው አራሷን ያዙ። እርግዝና ሴትን ከድብርት ይጠብቃታል የሚለው አስተያየት እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ በሐኪሞች ዘንድ ይነገር ነበር። በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ የተዘጋጀውና ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት የኤድንብራ መጠይቅ እንኳ ሲወለድ የታሰበው ለወለዱ ሴቶች ነው። አሥር ጥያቄዎች አሉት፤ የመጨረሻው ራስን ስለመጉዳት ይጠይቃል። ለነፍሰ ጡሮች የተሞከረው ቆይቶ ነው።

ነገሩን የገለበጠው በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል አካባቢ ያረገዙ ሴቶችን የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነው። ከዘጠኝ ሺህ በላይ ሴቶች ተመሳሳዩን መጠይቅ በእርግዝናም ከወሊድ በኋላም ሞሉ። ውጤቱ በ2001 ሲታተም በ32ኛው የእርግዝና ሳምንት ለድብርት የሚያሠጋ ነጥብ ያገኙት 13.5 በመቶ ሆነው ተገኙ፤ ከወለዱ ከስምንት ሳምንት በኋላ ግን 9.1 በመቶ ነበሩ። «የአራስ ድብርት» ሲባል ከኖረው ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ሴትየዋ ከመውለዷ በፊት የጀመረ ነበር ማለት ነው።

ስለ ድሃ አገሮች የሚታወቀው ከዚህም ያነሰ ነው። በ2012 የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የጥናቶች ስብስብ በዝቅተኛና በዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ አገሮች 15.6 በመቶ ነፍሰ ጡሮችና 19.8 በመቶ የወለዱ ሴቶች በድብርት፣ በጭንቀትና በመሳሰሉት እንደሚቸገሩ አስልቷል። በበለጸጉት አገሮች ያለው መጠን በነፍሰ ጡሮች ወደ አሥር በመቶ፣ በአራሶች ወደ አሥራ ሦስት በመቶ ነው ይባላል። በዚያ ስብስብ ውስጥ እኔን የበለጠ የያዘኝ ሌላ ቁጥር ነው፦ ከወሊድ በኋላ ስላለው ጊዜ መረጃ የተገኘው ከ17 አገሮች ሲሆን ስለ እርግዝናው ግን ከ9 ብቻ ነበር። ከእነዚያ ውስጥ ኢትዮጵያ አንዷ ናት፤ ለዚህም ቡታጅራን ማመስገን ይገባል።

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የጉራጌ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገጠር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ልደትና ሞት እየተመዘገበ ሲጠናበት የኖረ ነው። በ2005 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የለንደን ባልደረቦቻቸው፣ ከእነሱም መካከል አታላይ ዓለም፣ ግርማይ መድኅንና ሻርሎት ሃንሎን፣ በዚያ አካባቢ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ላይ የነበሩ 1065 ሴቶችን መዝግበው ከወሊድ በኋላም ተከታተሏቸው። ሴቶቹ የተጠየቁት ሆስፒታል ስለመጡ አልነበረም፤ ጠያቂዎቹ ናቸው ቤታቸው ድረስ የሄዱት። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሴቶቹ 12 በመቶ ያህሉ ከፍ ያለ የጭንቀትና የድብርት ምልክት ነበራቸው። ተመራማሪዎቹ ምልክቱ ወሊዱን ምን እንዳደረገው ሲያዩ የተጨነቁት ሴቶች ምጣቸው ከአንድ ቀን በላይ የመርዘም ዕድሉ ሰፍቶ አገኙት። ልጁን ጡት ማስያዙም ዘግይቶባቸዋል፤ ከፍተኛ ምልክት በነበራቸው ሴቶች ላይ ጡት ከስምንት ሰዓት በላይ የመዘግየቱ ዕድል ምልክት ከሌላቸው ሴቶች ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር። በሌላ በኩል ብዙዎች ይጠብቁት የነበረው ነገር አልተገኘም። የተጨነቀች እናት ክብደቱ ያነሰ ልጅ ትወልዳለች የሚለው ከፓኪስታን የመጣ ግኝት በቡታጅራ አልተደገመም፤ ሞቶ ከሚወለድ ልጅ ጋርም ግንኙነት አልታየም። ይህ ክፍል በኋላ በወጡ ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። «ድብርት ልጁን ያቀጭጨዋል» የሚለው አባባል ለስብሰባም ለፖስተርም ይመቻልና።

ከቁጥሩ ጎን ለጎን የተደረገው የቃል ጥናት ደግሞ ለእኔ ከቁጥሩም ይበልጣል። ሴቶቹ እርግዝናን የገለጹት በሞትና በሕይወት መካከል እንዳለ ጊዜ ነው። ምጡ ይፈራል፣ ክፉ መንፈስ ይፈራል፣ ያለ ዘመድ መቅረት ይፈራል። ነፍሰ ጡር ደስ ሊላት ይገባል ተብሎ ስለሚጠበቅም በድህነት ወይም ከባል ጋር በተጣሉበት ሰዓት የመጣን እርግዝና አልፈለግሁትም ማለት አይቻልም። ልጅ የእግዜር ስጦታ ነው በሚባልበት ቤት ስጦታውን የምትጠላ ሴት ምን ልትባል ነው? ስለዚህ ትደብቀዋለች። የድካሟ ግማሹ መደበቁ ነው።

ፍርሃቷን ሁሉ ሕመም ማለትም አይገባም። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ ከ100 ሺህ በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞቱ ነበር። ጎረቤቷ በምጥ ስትሞት ያየች ሴት ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ እንቅልፍ ቢያጣት የሚያስፈልጋት መጀመሪያ መኪና፣ መንገድና ደም ነው። በጤና ተቋም የመውለድ ፍርሃትም የራሱ ምክንያት አለው፦ ዘመድ ከበር ይመለሳል፣ በምጥ ላይ ያለች ሴት ትገላመጣለች፣ አልፎ አልፎም ትመታለች። የእናቶች ማቆያ ቤቶች መኖራቸው ከሩቅ ቀበሌ ለምትመጣ ድርስ ትልቅ እፎይታ ነው። ቤት ጥላቸው የመጣችው ልጆችና ከብቶች ሐሳብ ግን እዚያም ይከተላታል።

የቁጥር ነገር ከተነሣ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ከጎንደር፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳ፣ ከሐረር፣ ከመቀሌና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ርዕስ ላይ የወጡት ጥናቶች ብዙ ናቸው። ተሰብስበው ሲደመሩ ከአምስት ነፍሰ ጡሮች አንዷ፣ በአንዳንዱ ስሌት ከአራት አንዷ የድብርት ምልክት አለባት ይላሉ። በተናጠል ግን ጥናቶቹ ከአሥር በመቶ በታችም ከሠላሳ በላይም ይሰጣሉ። ይህን ያህል መራራቅ የመጣው የጅማ ሴት ከሐረር ሴት በሦስት እጥፍ ስለምታዝን አይመስለኝም። መጠይቁ ይለያያል፣ የማለፊያ ነጥቡ ይለያያል፣ ጥያቄው የቀረበበት ክፍልና ያቀረበው ሰው ይለያያሉ። አብዛኞቹ ደግሞ የሠሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፦ ተማሪዎች አንድ ሆስፒታል ወይም ጥቂት ጤና ጣቢያዎች ይሄዳሉ፣ ለክትትል ወረፋ የያዙትን ሴቶች አንድ ጊዜ ይጠይቃሉ፣ ይመለሳሉ። ወረፋው ላይ ያልነበረችው ሴት አትቆጠርም። በ2019ኙ አነስተኛ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከእናቶች 26 በመቶው በሠለጠነ ባለሙያ አንድም ክትትል አላደረጉም፤ አራትና ከዚያ በላይ ጊዜ የሄዱት 43 በመቶ ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የጀመሩት ደግሞ 28 በመቶ ብቻ። ከቤት መውጣት ያቃታት፣ ባሏ የከለከላት፣ እርግዝናውን የምትደብቅ ሴት የምትገኘው ከእነዚህ ውጭ ነው። ሌላ ሠላሳ ተመሳሳይ ጥናት ቢጨመር ስለ እሷ የሚነግረን ነገር የለም።

ሴቶቹስ ሲጠየቁ ምን ይላሉ? «ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ምግብ አይስማማኝም፣ ሐሳብ አበዛሁ፣ ሆዴ ይብሳል።» የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ሃያ ጥያቄ ያለው የራስ ዘገባ መጠይቅ በኢትዮጵያ ገጠር የተሻለ የሠራው ለዚህ ይመስለኛል፤ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ አለመፈጨት፣ ስለ እንቅልፍ እያነሣ አዎ ወይስ አይደለም ይጠይቃል። የኤድንብራው መጠይቅ ወደ አማርኛ ተመልሶ ቡታጅራ ገጠር ሲፈተሽ የታመመችውን ካልታመመችው በደንብ መለየት አቃተው። አዲስ አበባ ውስጥ የተደረገ ሌላ ፍተሻ ግን በከተሜ እናቶች ዘንድ እንደሚሠራ አሳይቷል። ገጠር ያለች ሴት ላለፈው ሳምንት ስሜቷ ከአራት ደረጃ አንዱን ምረጪ ስትባል ጥያቄው ራሱ እንግዳ ይሆንባታል።

በአካል ምልክት መጠየቅም የራሱ ጣጣ አለው። ነፍሰ ጡር ድሮም ትደክማለች፣ ትተኛለች ወይም እንቅልፍ ታጣለች፣ ምግብ ያስጠላታል። ደም ማነስ ያለባት ደግሞ ይብሳታል። ስለዚህ አዋላጇ «ያው የእርግዝና ነው» ብላ ብታልፈው አያስወቅሳትም። መለያው አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከድካሙ ጀርባ ነው፦ ድሮ ደስ የሚላት ነገር አሁን ደስ ካላላት፣ ሰው መሸሽ ከጀመረች፣ ስለ ልጁ ምንም ማሰብ ካቃታት፣ ሞትን ከተመኘች፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ በ2014 ለድብርት የመጀመሪያ ማጣሪያ ሁለት ጥያቄ ብቻ እንዲቀርብ የመከረው በከንቱ አይደለም፤ ባለፈው ወር ተስፋ መቁረጥና መከፋት አስቸግሮሻል ወይ? ለነገሮች ያለሽ ፍላጎት ቀንሷል ወይ? ይኸው ነው።

ምክንያቶቹን በተመለከተ ጥናቶቹ ከሞላ ጎደል ይስማማሉ። ከዚህ በፊት ድብርት የነበረባት፣ ልጅ የሞተባት ወይም ያስወረዳት፣ ያልታቀደ እርግዝና የመጣባት፣ የቸገራት፣ ብቻዋን የሆነች። ከሁሉ በላይ በየጥናቱ ብቅ የሚለው ግን ባል ነው። የባል መልካምነት ከምንም የበለጠ ሴትን ይጠብቃል፤ ክፋቱም እንዲሁ ከምንም የበለጠ ይጎዳል። በ2016ቱ ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ አርግዘው ከሚያውቁት 4 በመቶው በእርግዝናቸው ወቅት መመታታቸውን ተናግረዋል። በዚያው ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ናቸው። እንዲህ በሚታሰብበት አገር «ባሌ መታኝ» ብሎ ለነርስ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት ይቻላል፤ 4 በመቶው ላይም ብዙ እምነት ባይጣል ይሻላል።

ያልተፈለገ እርግዝና ቀላል ቁጥር የለውም። በዚያው ዓመት ጥናት ከወሊዶች አንድ አራተኛው ወይ በዚያ ጊዜ ያልተፈለገ ወይ ጨርሶ ያልተፈለገ ነበር። ከ2005 ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል ለመጣ እርግዝና፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ እንዲሁም ልጅ ለማሳደግ በአካልም በአእምሮም ዝግጁ ላልሆነች ታዳጊ እርግዝናው እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። ሕጉን የምታውቅ ሴት ግን ጥቂት ናት፤ ብታውቅም እምነቷና ጎረቤቷ አሉ። በየትኛውም አቅጣጫ ብትወስን በአብዛኛው ብቻዋን ትወስናለች።

ከ2020 እስከ 2022 በትግራይና በአጎራባች ክልሎች የነበረው ጦርነት፣ ከዚያም በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ሸክም ጭኗል። የተዘረፈ ጤና ጣቢያ፣ አምቡላንስ የሌለበት ወረዳ፣ በመጠለያ ያለች ነፍሰ ጡር፣ ከተደፈረች በኋላ ያረገዘች ሴት። ለእንዲህ ያለችዋ ሴት ምን ሊደረግላት እንደሚገባ የተጻፈ ብዙ ነው፤ የተደረገላት ግን ጥቂት ነው። ከዓረብ አገር የቤት ሠራተኝነት ነፍሰ ጡር ሆና የምትመለስ ልጅም አለች። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በብዙዎቹ ከጋብቻ ውጭ ማርገዝ ሲያሳስር ኖሯል። ቤተሰቦቿ የሚጠብቁት ገንዘብ ነበርና ብዙ ጊዜ ወደ ትውልድ ቀዬዋ ለመግባት ትፈራለች። ስለ እነዚህ ሴቶች ጋዜጠኞች የጻፉት ከተመራማሪዎች ይበልጣል።

ስለ ልጁ የሚነገረውን ጉዳይ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። በ1998 በካናዳ ኬቤክ በረዶ የኤሌክትሪክ መስመሮችን ሰባብሮ ሚሊዮኖችን ለቀናት፣ ከፊሎቹን ለሳምንታት በጨለማ ካስቀመጠ በኋላ፣ በዚያ ጊዜ ነፍሰ ጡር የነበሩ ሴቶች ልጆች ለዓመታት ተጠንተዋል። ጭንቀቱ በቋንቋና በአእምሮ እድገት ላይ አሻራ ትቶ ተገኝቷል። በብሪስቶሉ ጥናትም በእርግዝና ጊዜ ከፍተኛ ጭንቀት ከነበራቸው እናቶች የተወለዱ ልጆች በአራት ዓመታቸው የባሕርይ ችግር የማሳየት ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር። ጥናቶቹ ጥሩ ናቸው። ችግሩ ወደ ነፍሰ ጡሯ ጆሮ የሚደርሱበት መንገድ ነው። «አትጨነቂ፣ ልጁን ትጎጂዋለሽ» የሚለው ምክር ላዘነች ሴት ሁለተኛ ሐዘን ነው፤ በፊት ያስጨነቃት ኑሮዋ ነበር፣ አሁን መጨነቋም ያስጨንቃታል። በእጥፍ ጨመረ ሲባልም ከብዙዎቹ ልጆች ዘንድ ምንም እንዳልታየ አብሮ ሊነገር ይገባል። ሴትየዋ መታከም ያለባት ስላመማት ነው፤ በሆዷ ልጅ ባይኖርም ይገባት ነበር።

ሕክምናው ግን አለ፤ ሐኪም የግድ የማያስፈልገውም አለ። በዚህ በኩል ተደጋግሞ የሚጠቀሰው በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ገጠር በአጢፍ ራህማን መሪነት የተካሄደውና በ2008 የታተመው ሙከራ ነው። እኛ ዘንድ ካሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር የሚመሳሰሉ የመንደር ሴቶች ለአጭር ጊዜ ሠለጠኑ፤ በመጨረሻው የእርግዝና ወር አራት ጊዜ፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ እስከ አሥር ወር ድረስ አሥራ ሁለት ጊዜ ወደ ድብርት ያለባት ሴት ቤት ሄዱ። የሚያወሩት ተራ ነገር ነው፦ ምን ብለሽ ታስቢያለሽ፣ ሐሳቡ ወዴት ይወስድሻል፣ ሌላ እንዴት ማየት ይቻላል፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ምን ትንሽ ነገር እናድርግ። ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው ከእነዚህ እናቶች 23 በመቶው ብቻ ድብርት ላይ ነበሩ፤ እንደ ወትሮው ከተጎበኙት 53 በመቶው። በልጆቹ ክብደትና ቁመት ላይ የተጠበቀው ልዩነት አልታየም፤ ተቅማጥ ግን ቀንሷል፣ ክትባትም ጨምሯል። ብልሃቱ አማቶችን በማግባባቱ ላይ ነበር፤ ጉብኝቱ የተነገረው «ለልጁ ጤና» ተብሎ ነው፣ ስለዚህ ማንም ምራቴን አሳበዳችሁብኝ አላለም። ከላይ በልጁ በኩል መምጣትን ነቅፌ አሁን ይህን ማድነቄ የሚጋጭ ይመስላል፤ ግን ለአማት የሚነገረውና ለሴትየዋ የሚነገረው አንድ መሆን የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን በ2015 አሳትሞታል።

በኬፕ ታውን ሞውብሬይ የወሊድ ሆስፒታል በ2002 የተጀመረው ሥራ ሌላ መንገድ ነው። ነፍሰ ጡሯ ለመጀመሪያ ክትትል ስትመጣ ትጠየቃለች፤ ምልክት ከታየባት አማካሪዋ እዚያው ሕንጻ ውስጥ አለች፤ ቀጠሮዋም ከክትትሏ ቀን ጋር ይገጥማል። ሁለተኛ የትራንስፖርት ወጪ የለም፣ «የት ሄድሽ?» የሚል ጥያቄ የለም። በኢትዮጵያም በገጠር ጤና ጣቢያዎች በክትትል ክፍል ያሉ ሠራተኞች የሚሰጡት አጭር የችግር መፍቻ ምክር ከአገሩ ኑሮ ጋር ተስማምቶ ተሞክሯል። በሶዶ ወረዳ ከዚያ ቀደም የተደረገ ጥናት የድብርት ምልክት ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ከቀጠሮ ውጭ ወደ ጤና ተቋምም ወደ ባህል ሐኪምም አዘውትረው እንደሚሄዱ አሳይቶ ነበር። ሴቶቹ እርዳታ መፈለጋቸውን አላቆሙም። የሚያክማቸው ሰው የሚያየው ግን ራስ ምታቱን ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ በአገራችን ሁለት ስሕተቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው ሴትየዋ ማርገዟን እንዳወቀች የድብርት መድኃኒቷን በራሷ ማቆሟ ነው። በ2006 አሜሪካ ውስጥ 201 ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው ካቆሙት 68 በመቶው በእርግዝናቸው ውስጥ አገርሽቶባቸዋል፤ ከቀጠሉት 26 በመቶው። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። ለሚጥል በሽታና ለባይፖላር የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮኤት ከአሥር ልጆች በአንዱ ላይ የአካል ጉድለት፣ ከአሥር በሦስት ወይም በአራቱ ላይ የእድገት ችግር ያስከትላል፤ ሆኖም ልጅ ልትወልድ የምትችል ሴት ማንም ስለ እርግዝና ሳይጠይቃት ለዓመታት ስትወስደው ይታያል። ሁለቱም ከማርገዝ በፊት በሚደረግ አንድ ጭውውት የሚቃለሉ ናቸው። ከሺህ ወሊዶች በአንዱ ወይም በሁለቱ የሚከሰተው የአራስ የአእምሮ መቃወስ እንኳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ሊጠረጠር ይችላል፤ ባይፖላር ያለባት ወይም ባለፈው ወሊዷ እንዲህ የሆነች ሴት በእርግዝናዋ ወቅት የአእምሮ ሐኪም ካያትና ቤተሰቧ ምልክቱን ካወቀ አራስ ቤት ለቀናት እንቅልፍ አጥታ ድምፅ ስትሰማ «ልክፍት ነው» ተብሎ ጊዜ አይባክንም። ጸበሉ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም፤ የሚጎዳው መድኃኒቱን ጣይ መባሏ ነው።

በውጭ ያሉ ወገኖች ችግር መልኩ ሌላ ነው። እስራኤል ውስጥ በእናቶችና ሕፃናት ጣቢያ፣ በጢፓት ሐላቭ፣ ነፍሰ ጡርም አራስም ትጠየቃለች። አሜሪካ በግንቦት 2022 ለነፍሰ ጡሮችና ለወለዱ እናቶች ብቻ የሚሠራ የሃያ አራት ሰዓት ነፃ የስልክ መስመር ከፍታ በስልሳ ቋንቋዎች አስተርጓሚ አቅርባለች። መጠየቁ እዚያ አለ፤ የጠፋው እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት ነው። ሲያትል ወይም ፍራንክፈርት ያለች ሴት ገንፎውን ራሷ ታገነፋለች። ሐኪም ቤት ሲኬድ አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ ባል ነው፤ «ቤት ውስጥ ሰላም አለ?» ተብላ ስትጠየቅ ጥያቄውንም መልሱንም የሚተረጉመው እሱ ነው። ስለዚህ የሆስፒታሉን አስተርጓሚ መጠየቅ መብት መሆኑን ማወቅ ከማንኛውም ምክር በፊት ይመጣል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ማጣሪያ መጠይቅ በየክትትሉ ክፍል ይሰቀል የሚለው ሐሳብ ብቻውን ብዙ አያጓጓኝም። ከመቶ ሃያ ሴቶች «አዎ» ብለው ወዴት እንደሚላኩ የማታውቅ አዋላጅ በሚቀጥለው ወር መጠየቋን ታቆማለች፤ ቅጹን ግን ትሞላለች። በየቀበሌው ጤና ኬላ በየወሩ የሚካሄደው የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ግን አለ። ገንፎ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ አዋላጇ ከጤና ጣቢያ ትመጣለች፣ ስለ ምጥ ምልክትና ስለ ማቆያ ቤት ይነገራል። ሴቶቹ በእርግዝናቸው ጊዜ በአንድነት የሚቀመጡበት መድረክ ይህ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ አብዛኛውን የሚናገረው ባለሙያው ነው። ከዚያ ሰዓት ግማሹ ለሴቶቹ ወሬ ቢለቀቅ፣ ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የራዋልፒንዲውን ዓይነት አጭር ሥልጠና አግኝታ ዝም ያለችዋን ሴት ለይታ በሳምንቱ ቤቷ ብትሄድ፣ ለባሰባት ደግሞ በወረዳው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርስ ጋር የታወቀ ቀጠሮ ቢኖር ወጪው ብዙ አይሆንም። የሚያስቸግረው የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጊዜ ነው፤ ከክትባት እስከ ሽንት ቤት ሁሉ በእሷ ትከሻ ላይ ነው። አዲስ ሥራ ሲጨመርላት ከድሮዎቹ የትኛው እንደሚቀነስላት የሚወስን ሰው እስካሁን አልታየም።